የካቲት ከየካቲት ጋር ለምን አይወዳደርም? ቢዝነስ ኢንተለጀንስ በቀላል አማርኛ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር እናስብ። የፈጠራ ነው፣ ስም አልሰጠውም። ግን አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ምስሉ ወዲያው ይመጣለታል። ጠዋት በዚያ ብርድ ጋቢ የደረበ ገበሬ ወተቱን ይዞ ጣቢያው በር ላይ ይሰለፋል፣ ተረካቢዋ እየለካች ትመዘግባለች፣ መኪናው ይጭንና ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ወርሃዊ ሪፖርት ይቀርብለታል። የየካቲት 2017 ሽያጭ ከየካቲት 2016 ወርዷል። ቁልቁል የሚወርድ ቀይ ቀስት ሳይቀር ተሠርቶለታል። የሽያጭ ኃላፊው ይጠራል። «ምን እየሠራችሁ ነው?» ኃላፊው ላብ በላብ ሆኖ ስለ ተፎካካሪ ያወራል፣ ስለ መንገድ ያወራል፣ ስለ መብራት መጥፋት ያወራል። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አንድ ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

መልሱ ግን ከሥራ አስኪያጁ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነበር። በ2016 ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነው። በ2017 የገባው የካቲት 17 ነው። ስለዚህ የካቲት 2016 ውስጥ አንድም የዐቢይ ጾም ቀን አልነበረም፣ የካቲት 2017 ውስጥ ግን 14 ቀን ነበር። የፍስክ ወርን ግማሽ በግማሽ ጾም ከሆነ ወር ጋር አስቀምጦ «ለምን ወተት አልተሸጠም?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው።

ቁጥሩ አልዋሸም። ኤክሴሉም አልተሳሳተም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ነው በዚህ ጽሑፍ የማወራው። በየመሥሪያ ቤቱ «ዳሽቦርድ (ቁጥሮችን በአንድ ስክሪን የሚያሳይ ገጽ) ይሠራልን» የሚባልበት ዘመን ላይ ነን፣ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ዳታ ሳይንስ ተምሮ ሰርተፊኬት የያዘውም ወጣት ብዙ ነው። ቢዝነስ ኢንተለጀንስ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጀመር ግን ቁጭ ብሎ የሚነግር ሰው አይገኝም።

ለመሆኑ ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት በየቀኑ መዝገብ ያመነጫል። ደረሰኝ፣ የርክክብ ደብተር፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የባንክ ስቴትመንት። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ለኦዲተር ተብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ አቧራ ይጠጣል። ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ማለት ከዚህ መዝገብ ውስጥ፣ ውሳኔ ለሚወስነው ሰው፣ ውሳኔው ሳያልፍበት መልስ የማውጣት ሥራ ነው። ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም።

«ኢንተለጀንስ» የሚለው ቃል ሰውን ያስደነግጣል፣ የደኅንነት ሥራ ይመስላል። አመጣጡ ግን ወሬን ቀድሞ ከማግኘት ጋር የተያያዘ ነው። ሪቻርድ ሚላር ዴቨንስ የተባለ ጸሐፊ በ1865 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቃሉን የተጠቀመው ሄንሪ ፈርኒስ ስለሚባል እንግሊዛዊ ባለ ባንክ ሲጽፍ ነው፣ ሰውየው የአውሮፓን ጦርነት ወሬ ከሌሎቹ ቀድሞ እየሰማ ያተርፍ ነበር። በ1958 ደግሞ የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን ትክክለኛውን መረጃ ለትክክለኛው ሰው በራሱ የሚያደርስ ሥርዓት ብሎ በወረቀት ነደፈው። እኛ ሰፈር ብትመጡ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ የሐረር ቅፍለት የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። እዚያ የሚነግድ ሰው ቅፍለቱ የት እንደደረሰ ሳይጠይቅ ጨውና ቡናውን ይሸጥ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሐሳቡ ድሮም ነበር፣ ኮምፒውተሩ ነው አዲስ።

ፒችትሪ አለን፣ ያ አይበቃም?

አይበቃም፣ ሥራው ሌላ ነው። ፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው፣ ሥራው መመዝገብ ነው። ዛሬ ለማን ምን ያህል እንደተሸጠ ይይዛል። «በጾም ሳምንት የትኛው ደንበኛ ትእዛዙን ስንት ቀን ቀደም ብሎ ይቀንሳል?» ብትሉት ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ጾም መቼ እንደሆነ አያውቅም፣ የወተት ርክክቡን ደብተርም አላየም። ቢዝነስ ኢንተለጀንስ እነዚህን የተለያዩ መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጋግር ነው። ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጋርም አንድ አይደለም። ያለፈውንና አሁን ያለውን በትክክል መቁጠር ነው ዋናው ሥራው። መቁጠር ያቃተው ድርጅት ትንበያ ቢገዛ ምን እንደሚያገኝ እናንተ ገምቱ።

ዳሽቦርድ ካሠራን አለቀ አይደል?

እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ ዳሽቦርድ አሠራኝ። እኔም ጉልበቴን አሳየሁ። 14 ገጽ፣ ካርታ ያለው፣ ሲነኩት የሚበራ፣ ሲጫኑት የሚዘረዘር። ምርቃቱ ላይ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ ኃላፊዎቹ ተራ በተራ ፎቶ ተነሡበት። ከሦስት ወር በኋላ ማን ስንት ጊዜ እንደከፈተው የሚያሳየውን መዝገብ አየሁት። ብዙውን ጊዜ የከፈትኩት እኔው ነኝ፣ መሥራቱን ለማረጋገጥ።

ምን አጠፋሁ? ማንም ሰው ምን መወሰን እንደሚፈልግ አልጠየቅኩም። «ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?» ነበር ያልኳቸው። ይህን ጥያቄ ለማንም ብታቀርቡ መልሱ አንድ ነው፣ «ሁሉንም»።

ዳሽቦርድ ማለት እንደ መኪና ዳሽቦርድ ነው፣ ስሙም ከዚያው ነው የመጣው። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሹፌር የሚያየው ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ሙቀትና ነዳጁን ነው። የመኪናው ቀለም ወይም የተገዛበት ዓመት እዚያ አይጻፍለትም። ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ከየትኛው ፔዳል ላይ እንደሚያኖር የሚነግረውን ብቻ ነው የሚያየው።

ታዲያ ከምን እንጀምር?

ከአንድ ውሳኔ። ከሶፍትዌር አይደለም፣ ከዳታም እንኳ አይደለም። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ከሚደጋገም፣ ሲሳሳት ገንዘብ ከሚያስከፍል፣ ባለቤት ካለው አንድ ውሳኔ።

ወደ ወተቱ እንመለስ። የምርት ኃላፊው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ይወስናል። ነገ ከሚገባው ወተት ስንቱ እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ፣ ስንቱስ እዚሁ ተንጦ ቅቤና አይብ ይሁን? ብዙ ከላከ ይመለስበታል፣ ትንሽ ከላከ ደንበኛ ይቀየማል። ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ነገ ጠዋት ምን ያህል ይገባል ተብሎ ይጠበቃል፣ ደንበኞች ምን ያህል አዘዋል፣ ነገ ጾም ነው ወይስ ፍስክ። አለቀ። የመጀመሪያው ስክሪን እነዚህን ሦስት ነገሮች ካሳየ ሥራውን ሠርቷል።

አንድ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይውጣ ወይስ ይቅር ብላችሁ ስታመነቱ ኃላፊውን እንዲህ ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ነገ ቢጨምር ምን ያደርጋሉ? ቢቀንስስ?» ለሁለቱም «ያው እንደተለመደው» ካሉ ቁጥሩን አውጡት። ለሌላ ሪፖርት ይጠቅም ይሆናል፣ ለዚህ ውሳኔ ግን አይጠቅምም።

ዳታውስ የት ነው ያለው?

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ለዚህም ነው ሁሉም የሚዘለው። በእግር እየዞሩ መዝገብ መፈለግ። የመሰብሰቢያ ጣቢያው መረጃ በደብተር ነው። ሽያጩ ፒችትሪ ላይ። ክፍያው ግማሹ በባንክ ግማሹ በቴሌብር። የመኖ ዱቤው በሂሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ፣ «የመጨረሻው እውነተኛው አዲሱ» በሚል ስም በተቀመጠ ኤክሴል። የትኛው ደንበኛ በእርግጥ እንደሚከፍልና የትኛው እንደሚያመላልስ ደግሞ በአንድ አንጋፋ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ።

ለእያንዳንዱ መዝገብ ማን እንደሚጽፈው፣ መቼ እንደሚጽፈው፣ በምን መለኪያ እንደሚጽፈው፣ ሲሳሳት ማን እንደሚያርመው ጻፉ። መለኪያውን ስል እንዲሁ አይደለም። አንዱ ጣቢያ በሊትር ይለካል እንበል፣ ፋብሪካው በር ላይ ያለው ሚዛን ደግሞ በኪሎ። አንድ ሊትር ወተት ወደ 1.03 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በቀን 1,000 ሊትር የሚልክ ጣቢያ ፋብሪካው ላይ 1,030 ሆኖ ይታያል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፣ ልዩነቱ ግን በ30 ቀን 900 ይሆናል። መለኪያው ካልተጻፈ 900ው ከየት መጣ ተብሎ ሌባ ፍለጋ ይጀመራል። ሌባ የለም።

«አባል» ማለት ማን ነው?

እስቲ ማኅበራችሁ ስንት አባል እንዳለው ሦስት ክፍሎችን ለየብቻ ጠይቁ። ጽሕፈት ቤቱ የተመዘገበውን ሁሉ ይቆጥራል። ፋይናንስ ዕጣውን (ድርሻውን) ከፍሎ የጨረሰውን። ጣቢያው በዚህ ወር ወተት ያመጣውን። ሦስት የተለያየ ቁጥር ይመጣል፣ ሦስቱም እውነት ነው። ስብሰባ ላይ ሰው የሚጣላው ብዙ ጊዜ በእንደዚህ ያለ ነገር ነው፣ አንድ ቃል እየተናገሩ ሦስት ነገር እያሰቡ።

መፍትሔው ሁለት ሦስት ገጽ የሆነ የቃላት መዝገብ ነው። «አባል ስንል ይህን ማለታችን ነው። ሽያጭ ስንል ወተቱ የወጣበትን ቀን ነው፣ ገንዘቡ የገባበትን አይደለም። ተመላሽ ወተት ከሽያጭ ይቀነሳል።» ኃላፊዎቹ ይፈርሙበታል። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ሥራ ይህ ወረቀት ይበልጣል፣ ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አይፈልግም።

ለእያንዳንዱ ቃልና ቁጥርም ባለቤት ይሰየም። መንዞች ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬት ለዘመናት ያቆዩት ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚዘጋ የጋራ ደንብና ጠባቂ ስለነበረው ነው። ዳታም እንደዚያው፣ ሁሉም የሚነካው ማንም የማይጠብቀው ከሆነ ቶሎ ያልቅለታል።

የእኛ አቆጣጠር ለምን ያስቸግራል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከውጭ የመጣ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም።

ብዙው ሶፍትዌር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው። እናንተ የሐምሌን ሪፖርት ስታዙ ሶፍትዌሩ ጁላይን ያመጣል። ጁላይ 1 ግን ሰኔ 24 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የሰኔ ናቸው። የበጀት ዓመታችን ደግሞ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ማለትም ጁላይ 8። ያለፈው በጀት ዓመት የመጨረሻ ሳምንት ሽያጭ አዲሱ ዓመት ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ኦዲተሩ ሲመጣ ድራማው ይጀምራል። ጳጉሜን ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነው። 5 ወይም 6 ቀን ያላትን ወር እንደ ሙሉ ወር ግራፍ ላይ ካስቀመጣችሁ በየዓመቱ ድርጅቱ ነሐሴ 30 የከሰረ ይመስላል።

ሰዓቱም አለ። ተረካቢዋ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የገባ ወተት «1፡00» ብላ ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ይህን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። የወተቱን ቆይታ እያሰላ «ይሄ ወተት ስድስት ሰዓት ቆሟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይልካል። ወተቱ ገና ትኩስ ነው።

መፍትሔው ባለሙያዎች የቀን ሠንጠረዥ የሚሉት ነው። ቀላል ነገር ነው፣ አንድ ኤክሴል፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር። በመስመሩ ላይ የፈረንጁ ቀን፣ የእኛው ቀን፣ የእኛው ወር፣ የበጀት ዓመቱ፣ ገበያ ነው አይደለም፣ ጾም ነው ፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ፍልሰታን፣ ዐቢይ ጾምን አስገቡ። ረመዳንንም አትርሱ፣ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ በወር ስም ልትይዙት አትችሉም። ይህ ሠንጠረዥ ለጥቂት ዓመታት የሚሆነው በሁለት ቀን ይሠራል። እሱ ቢኖር የሽያጭ ኃላፊው ከሰዎቹ ፊት አይላብም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወርን ከወር ሳይሆን የጾም ቀንን ከጾም ቀን፣ የፍስክ ቀንን ከፍስክ ቀን ነበር የሚያወዳድረው።

እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ጤና ጣቢያ ያለ ወዳጃችሁን ጠይቁ። ጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው፣ የእኛን አቆጣጠር ግን ያውቃል።

አንድ ሰው ለምን አራት ሆኖ ይቆጠራል?

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ኀይሉ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር አራት። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠላምና ሰላም፣ ዓለሙና አለሙ እንደዚሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል፣ ደብረ ብርሃን ራሷ ስንት ዓይነት እንደምትጻፍ ታውቃላችሁ። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን በአባት ስም ማመሳሰልም አያዛልቅም፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሦስት ገበሬዎች ቢገኙ የሚገርም አይደለም።

ስለዚህ ሰውን በስም አትለዩ። የአባልነት ቁጥር ይሰጠው፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ደብተሩ ላይ ከስሙ በፊት ቁጥሩ ይግባ። የቦታ ስሞችን ደግሞ ሰው በእጁ እንዲጽፍ አትፍቀዱ፣ ከዝርዝር ይምረጥ። ሸዋ ሮቢትን አንዱ አንድ ላይ ሌላው ለይቶ ከጻፈ ሪፖርታችሁ ላይ ሁለት ከተማ ትሆናለች።

ቆሻሻ ዳታን የት ነው የምንይዘው?

በሩ ላይ። ወተት ተረካቢዋን ተመልከቷት። እያንዳንዱን እቃ ወደ ትልቁ ታንከር ከመገልበጧ በፊት ላክቶሜትሯን ትጨምራለች፣ ውሃ የተጨመረበት ወተት እፍጋቱ ስለሚቀንስ መሣሪያው ይነግራታል። ትሸታለች፣ ታያለች። ለምን ታንከሩ ከሞላ በኋላ አትለካም? አንዴ ከተደባለቀ የማን ውሃ እንደሆነ አይታወቅማ። የአንዱ የኮመጠጠ ወተት የሁሉንም ያበላሻል።

ዳታም ልክ እንደዚያ ነው። አንዲት ላም በቀን 200 ሊትር አለበች የሚል ቁጥር ሲጻፍ፣ ጽሑፉ እየገባ እያለ «እርግጠኛ ነሽ?» የሚል ነገር ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በኋላ የመቶ ሺህ መስመር መሐል መፈለግ የታንከር ወተት ውስጥ ውሃ መፈለግ ነው። በስልክ መመዝገብ የምትፈልጉ ከሆነ ቆቦ ቱልቦክስን የመሰሉ መተግበሪያዎች ኔትወርክ በሌለበት መዝግበው ኔትወርክ ሲገኝ ይልካሉ፣ ወሰን ካስቀመጣችሁላቸው ከልክ ያለፈ ቁጥርም አይቀበሉም። ግን ደብተሩን ወዲያው አትጣሉት።

ዳታ ዌርሃውስ የሚሉትስ?

ጎተራ በሉት። ከየአውድማው የመጣው እህል ተበጥሮና ተሰፍሮ አንድ ቦታ ይገባል፣ ከዚያ ነው ለቀለብም ለዘርም ለገበያም የሚቀነሰው። በዳታ ቋንቋ ከየምንጩ ማውጣት፣ ማበጠር፣ ማስገባት ነው፣ ይህ በየሌሊቱ በራሱ እንዲሆን ይደረጋል።

ለምን በቀጥታ ከፒችትሪ አናነብም ለሚል አንዱ መልስ ሥራ እንዳይጨናነቅ ነው። ዋናው ግን ትዝታ ነው። አንድ ገበሬ አምና ጫጫ ጣቢያ ነበር ወተቱን የሚያስረክበው፣ ዘንድሮ ወደ ደብረ ብርሃን ዞረ እንበል። መዝገቡ ላይ ጣቢያውን ብቻ ብትቀይሩለት አምና ያስረከበው ወተት ሁሉ አብሮት ደብረ ብርሃን ይገባል፣ ጫጫም አምና ምንም ያልሠራች ትመስላለች። ጎተራው ግን «ከዚህ እስከዚህ ቀን እዚያ ነበረ» ብሎ ይይዛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ትልልቅ ስሞች አሉ፣ ቢል ኢንመንና ራልፍ ኪምቦል። አንደኛው የድርጅቱን ሙሉ ጎተራ አስቀድሞ ንደፍ ይላል፣ ሁለተኛው በአንድ ጉዳይ ጀምር፣ ቀጣዩን ከዚያ ጋር እንዲገጥም አድርገህ ቀጥል ይላል። ለእኛ ዓይነት አቅም ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ምን ሶፍትዌር፣ በስንት ብር?

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፣ እኔ ደግሞ አውቄ ወደ መጨረሻ አመጣሁት። የማይክሮሶፍቱ ፓወር ቢአይ በጣም የተለመደ ነው። ለብቻችሁ ለመማር በነፃ ይወርዳል፣ ለሌሎች ማጋራት ሲመጣ ግን ፕሮ የሚባለው በሰው በወር 14 ዶላር ነው፣ በ2025 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ10 ዶላር ጨምሮ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 14 ዶላር በብር ስንት እንደሆነ በየጊዜው ማስላት ግድ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ዶላሩን መክፈያ ካርድ ፍለጋ አለ። ሜታቤዝና አፓቼ ሱፐርሴት የሚባሉት ተመሳሳይ ሶፍትዌሮች ያለ ፈቃድ ክፍያ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የሚጫኑ ናቸው፣ ግን የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋሉ፣ ነፃ የተባለ ነገር ሁሉ ደመወዝ የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ ኤክሴል ይበቃል። ከ2016ቱ እትም ጀምሮ ውስጡ ፓወር ኩዌሪ የሚባል ማበጠሪያ አለ፣ በየቀኑ ኮፒ ፔስት የምታደርጉትን ሥራ አንዴ አሳይታችሁት በራሱ ይሠራዋል። ብዙ ቢሮ ይህ መኖሩን ሳያውቅ ሌላ ሲስተም ለመግዛት ጨረታ ያወጣል።

ሠራተኛው ለምን ይሸሸዋል?

ምክንያት አለው። የአሠራር ለውጥ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። ሥልጠና ተወሰደ፣ አበል ተከፈለ፣ ሰሌዳ ተሰቀለ። አሁን ደግሞ ቢአይ (ቢዝነስ ኢንተለጀንስ) ስትሉት «ይቺም ታልፋለች» ቢል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ቁጥር እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በግምገማ ቀን ነው፣ ሰው ለመያዝ። ጣቢያዎችን በስክሪን ደረጃ አውጥታችሁ የመጨረሻውን ካሳፈራችሁ በሚቀጥለው ወር የመጨረሻ የሚሆን የለም፣ ሁሉም ሪፖርቱን ያሳምራል። ወተቱ ግን አይጨምርም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሩ ለቅጣት እንደማይውል ሥራ አስኪያጁ ራሱ በአፉ ይናገር፣ ከዚያም ይጠብቀው። ደግሞ ለመዝጋቢዋ መልሱላት። በየቀኑ የምትጽፈው ነገር የት እንደሚገባ አይታ የማታውቅ ሴት ስለ ጥራት ብትነግሯት አይገባትም። ከእሷው መዝገብ የወጣውን ስታሳይዋት ግን «አይ፣ ይሄማ ልክ አይደለም፣ ያን ቀን መኪናው ተበላሽቶ ነው» ብላ ሳትጠየቅ ታርማለች።

ሦስተኛው፣ ሥራ አስኪያጁ። የሰኞ ስብሰባውን በዚያ ስክሪን ካልጀመረ ማንም አይከፍተውም። በወረቀት ሪፖርት የሚጠይቅ ከሆነ ወረቀት ይመጣለታል።

የሰዎችን መረጃ ማን ይይ?

የገበሬው ስልክ፣ ዱቤው፣ የባንክ ሂሳቡ ለሁሉም የሚከፈት አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። በተግባር ቀላል ነው፦ ለሥራው የማያስፈልገውን አትሰብስቡ፣ የጣቢያው ኃላፊ የጣቢያውን ይይ፣ ስክሪኑ ላይ ስም ሳይሆን ድምር ይውጣ። የአባላት ዝርዝር ያለበት ኤክሴል በቴሌግራም ግሩፕ መላክም ይቅር።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ለአንድ ውሳኔ ሦስት ወር ብትይዙ መልካም ነው። የመጀመሪያው ወር በመጠየቅ፣ መዝገብ በመፈለግና የቃላቱን ወረቀት በማስፈረም ያልቃል፣ ምንም የሚታይ ነገር ስለማይኖር አለቃ ይነጫነጫል። ሁለተኛው በማጽዳትና በቀን ሠንጠረዡ። በሦስተኛው አንድ ገጽ ይወጣል፣ ከድሮው ሪፖርት ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ሲለያዩ ለምን እንደተለያዩ ይፈለጋል። እዚያ ላይ አትቸኩሉ፣ ሰው የሚያምነው ልዩነቱ ሲብራራለት ነው። ከዚያ ሁለተኛው ውሳኔ ይቀጥላል፣ ያ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ጊዜ ይፈጃል፣ ምክንያቱም «አባል» ማን እንደሆነና ጳጉሜን ስንት ቀን እንደሆነች ያኔ ተስማምታችኋል።

አንድ ሱቅ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ባለቤት ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ማታ ማታ ደብተሩን ማየት ይበቃዋል።

ወደዚያ ሥራ አስኪያጅ እንመለስና የቀን ሠንጠረዡን ወደ ፊት እናንብብለት። በ2018 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው፣ ስለዚህ ከወሩ 22 ቀን ጾም ነው፣ ከአምናው 14 እንኳ ይበልጣል፣ ቀዩ ቀስት ይቀጥላል። በ2019 ግን የካቲት 29 ነው የሚገባው። ከወሩ 2 ቀን ብቻ። ሽያጩ ሽቅብ ይመነጠቃል፣ ቀስቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈለት ያው የሽያጭ ኃላፊም፣ እስከዚያ ከቆየ፣ በየካቲቱ ሪፖርት ሽልማት ይሰጠዋል።